የባዱምቤ አሥራ አንድ ደቂቃ

ሴጋ ፋኔ ከባማኮ ካዬስ በሚመላለሰው ባቡር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ተቆጣጥሯል። ሚስቱ ከሞተች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል፤ ሴቶች ልጆቹን ድሯል፤ ጉልበቱን ዝናብ ሲመጣ ያመዋል። እስከዚህ ድረስ እንደማንኛውም ሰው ነው። ከሰው የሚለየው መጽሐፍ መጻፉ ነው።

መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው። አንድ ባቡር ከባማኮ ተነሥቶ ወደ ካዬስ ይጓዛል፤ ሲጓዝ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው፣ እስካሁን አልደረሰም። ይህን የሰማ ሁሉ «እሱማ የእኛው ባቡር ነው» ይላል፤ ሴጋም ይህን ቀልድ ሺ ጊዜ ስለሰማው መሳቅ ትቷል። በዚያ ባቡር ውስጥ የሁለተኛ ማዕረግ ትኬት ቆርጦ «መስኮቱ የእኔ ነው» እያለ የሚሟገት በግ አለ። ወደ ሠርጓ የምትሄድ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእጇ ሂና ያልለቀቀ ሙሽራ አለች። ጫማው ጠፍቶበት ከፉርጎ ፉርጎ ተሳፋሪውን እግር እግሩን እያየ የሚዞር ሼህ አለ። አንድ ምዕራፍ ላይ ደግሞ ባፊንግና ባኮይ ወንዞች ባፉላቤ ላይ ይሳፈራሉ። ተቀላቅለው አንድ ወንዝ ከሆኑ በኋላ የተሳፈሩ በመሆናቸው በአንድ ትኬት ይሂዱ ወይስ በሁለት የሚለውን ነገር የሚያዳምጡት የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ሦስት ሳምንት ተከራክረውበት አልተቋጨም።

ሴጋ የሚጽፈው ባቡሩ ሲሄድ ብቻ ነው። ባቡሩ ሲቆም ብዕሩም ይቆማል፤ ለምን ቢሉት «ቆሜማ ምን አያለሁ?» ይላል። የሚጽፈው በአሮጌ የጭነት ደረሰኞች ጀርባ ላይ ነው፤ ሐዲዱ ስለሚያንገጫግጨውም ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል። ከራሱ ከሴጋ በቀር ሊያነበው የሚችል ሰው አልተወለደም። ስለዚህ ትኬት ቆጥሮ ሲጨርስ፣ ኪታ ጣቢያን እንዳለፉ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ በር ላይ ተደግፎ ያነብላቸዋል። ርእሱን የጠየቀው ሲመጣ «ስም የሚወጣው በስምንተኛው ቀን ነው። ይሄ ገና አልተወለደም» ብሎ ያሰናብተዋል።

አድማጮቹ ደምበኞች ናቸው። ዋናዋ ኛካሌ ሱኮ የምትባል ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ በአንድ ትኬት የሁለት ሰው ቦታ የምትይዝ ሴት በመሆኗ ለወንዞቹ አንድ ትኬት ይበቃል ብላ የተከራከረችው እሷ ነበረች። ከፊት ለፊቷ የሚቀመጡት ጡረተኛው መምህር ማካን ናቸው፤ ልጃቸውን ለመጠየቅ በየሳምንቱ ይመላለሳሉ፤ ኮላ ፍሬ ከጉንጫቸው አይጠፋም፤ ሴጋ ሲያነብ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆይተው ስሕተት ሲሰሙ ብቻ ይገልጡታል።

ከመጽሐፉ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው ግን ስለ ተቆጣጣሪውና ስለ እርጎ ሻጯ የሚያወራውን ነበር። ለዚያውም እስኪነበብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ባዱምቤ ጣቢያ ሲደረስ በመስኮት ብቅ ማለት ይበቃል።

ባዱምቤ ላይ ባቡሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ይቆማል። ሻጮች ሁሉ ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ አንዷ ግን አትሮጥም። ኩምባ ሲዲቤ ኒም ዛፍ ሥር ከሁለት ትላልቅ የእርጎ ቅሎቿ ጋር ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ የማሽላ ቂንጬ የነከረችበት እርጎዋን የቀመሰ ወርዶ እንደሚመጣ ታውቃለች። ባቡሩ ገና ፍጥነቱን ሲቀንስ ሴጋ ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጀምራል።

«አንቺ የላም ሎሌ! ዛሬም ግማሹን ራስሽ ጠጥተሽ ግማሹን በውሃ ሞላሽው?»

«መጣህ ጥላሸት! ፊትህን ሳትታጠብ ከወናፍህ ሥር ተነሥተህ መጣህ? ወደ ቅሌ እንዳትጠጋ፣ እርጎዬ ይጠቁራል!»

«የአያቴ አሽከር የነበረ ሰው ልጅ ይኸው ምላስ አወጣች!»

«አያትህማ የእኛን ጥጃ ሲጠብቅ ነው እንቅልፍ ወስዶት ጅብ የበላበት!»

አሥራ አንዱን ደቂቃ እንዲህ ይሉታል። ባቡሩ ሲነሣም አላለቀላቸውም፤ የመጨረሻውን ስድብ ድምፅ እስከሚደርስ ድረስ ይወራወራሉ። ሰው ይስቃል፣ ማንም አያማቸውም። ለምን ይታማሉ? ሴጋ ፋኔ ነው፤ ፋኔ የተባለ ብረት ቀጥቃጭ ነው። እሷ ሲዲቤ ናት፤ ሲዲቤ የተባለ ፉላኒ ነው፣ ከብት አርቢ። የቀጥቃጭና የፉላኒ አያቶች ጥንት ደም ለደም ተቀላቅለው ተማምለዋል። ልጆቻቸው እንዳሻቸው ይሰዳደባሉ፣ የተሰደበው አይቆጣም፤ አንዱ የለመነውን ሌላው አይከለክልም፤ አንዱ የሌላውን ደም አያፈስም። አይጋቡምም። ደሙ አንድ ሆኗላ፤ ሰው እኅቱን ያገባል እንዴ?

ነገሩን ድብብቆሽ ማድረግ አያስፈልግም፤ ሴጋ ኩምባን ይወዳታል። መቼ እንደጀመረው አያውቅም። ከባማኮ ሲነሣ ስድብ ማዘጋጀት ይጀምራል፤ ጥሩ ስድብ የመጣለት ቀን ብቻውን ይስቃል፤ እሷ ታማ የቀረችበት ሳምንት እስከ ካዬስ ድረስ አንድ ትኬት ሁለቴ ሲበሳ ከርሟል። መሐላ መሐላ ነውና ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ከሆድ ያለፈውን ብቻ ወረቀት ላይ አወረደው፣ ለዚያውም ስም ሳይጠራ።

ታዲያ የጡረታ ደብዳቤው መጣ። ሦስት ጉዞ ቀረው።

ወሬው ሦስተኛ ማዕረግ የደረሰ ዕለት ኛካሌ የሽንኩርት ከረጢቷን በእግሯ ገፍታ ለነገር ተመቻቸች።

«አለቃ፣ እነዚህን ሰዎች መቼ ነው የምታጋባቸው?»

«እነማንን?»

«አይ! እነማንን ይላል! ተቆጣጣሪውንና እርጎ ሻጯን ነዋ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሰዳደቡ አስደምጠኸን እንዲሁ ጥለኸን ልትሄድ ነው?»

«እሱ ቀጥቃጭ ነው። እሷ ፉላኒ ናት።»

«ልብ ወለድ አይደለም እንዴ? በግ ሁለተኛ ማዕረግ ያስቀመጥክ ሰው፣ ወንዝ ያሳፈርክ ሰው፣ ሁለት ጎልማሳ ማጋባት አቃተህ?»

«በግ ሁለተኛ ማዕረግ እንዳይቀመጥ የማለ አያት የለኝም» አለ ሴጋ።

ፉርጎው ወደ መምህር ማካን ዞረ። መምህሩ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ልክ ነው። ወረቀት ላይም ቢሆን መሐላ አይፈርስም» አሉና መልሰው ጨፈኑ።

«እናንተ ወንዶች እኮ!» አለች ኛካሌ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቱኮቶ ጣቢያ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ይህ በእሷ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

ሴጋ በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ምዕራፍ ይዞ መጣ። ሌሊቱን ሲያስብበት አድሮ፣ ጠዋት ባቡሩ ሲነሣ የጻፈው ነው። ለራሱ መፍትሔ ያገኘ መስሎት ነበር። ድምፁን ጠርጎ አነበበ።

«እርጎ ሻጯ በዚያ ጠዋት ቅሎቿን ደፋች። ከብቶቹ ወደ ሰሜን ሄደው ነበርና ተከትላቸው ሄደች። ባቡሩ ባዱምቤ ሲቆም ከሜዳው በቀር የጠበቀው አልነበረም። ተቆጣጣሪው ለሜዳው ምንም አላለውም።»

ማንም አልሳቀም። አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ በታሪኩ ሳይሆን በርቦት ነው፣ ግን ሁሉም በታሪኩ መሰላቸው።

«ብትገድላት ይሻልህ ነበር!» አለች ኛካሌ ተነሥታ። «ሞት የአላህ ነው ብለን እንችለው ነበር። ይኼ ምንድን ነው? ይኼ ፍርሃት ነው! ሽሽት ነው!»

ሴጋ ወረቀቶቹን አጣጥፎ ወጣ። ባዱምቤ ሲደርሱም በሩ ላይ አልተንጠለጠለም። የተቆጣጣሪ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ያን ያህል ረጅም መሆኑን በዕድሜው ገና ማወቁ ነበር።

ኩምባ ስድቡ ሲቀርባት ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ መስኮቶቹ መጣች። ኛካሌ እሷን ስትጠብቅ ነበር።

«ኩምባ! ይሄ ሰውዬ ከከብት ጋር ነድቶሻል!»

«ማን?»

«የእናንተ ጥላሸት! መጽሐፉ ውስጥ። ጡረታ ሊወጣ ነው፣ የቀረው አንድ ጉዞ ብቻ ነው። አጋባቸው ብንለው ቀጥቃጭና ፉላኒ አይጋባም ብሎ ከላሞችሽ ጋር ወደ ሰሜን ሰደደሽ። እሱም ይኸው ተደብቋል!»

ኩምባ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች። ከሰውየው ይልቅ ስለ ላሞቹ የደነገጠች ትመስል ነበር።

«አንድ ጉዞ?» አለች።

«አንድ!»

ጭልፋዋን እያወዛወዘች ወደ ኒሙ ተመለሰች።

የመጨረሻው ቀን ሴጋ ልብሱን አስተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ተሳፈረ። ትኬት ቆጠረ። ኪታን አለፉ፤ ወረቀት አላወጣም፤ አንብብልን ያለውም አልነበረም። ባዱምቤ ሊደርሱ ሲሉ ግን እግሩ ራሱ ወደ በሩ ወሰደው። ዛሬማ ቢደበቅ መቼ ሊያያት ነው?

ኒሙ ሥር ቅል የለም። ኩምባም የለችም።

ሴጋ የበሩን ብረት ጨብጦ ወደ ውጭ ተንጠራራ። የጻፈው ደረሰበት። ከሜዳው በቀር የጠበቀው የለም።

ባቡሩ ሲቆም ነው ያያት። ከጣቢያው ጫፍ፣ ሻጮች ከማይደርሱበት፣ ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ከቆመበት አጠገብ፣ የዒድ ቀን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ባዶ እጇን ቆማለች። ሴጋ ወረደ። ወደ እሷ ሲሄድ መስኮቶቹ ሁሉ በአንገት ተሞሉ።

ደረሰ። የለመደው አፉ ቀደመው።

«አንቺ የላም...»

«ላም እፈራለሁ» አለች ኩምባ።

«ምን?»

«ላም እፈራለሁ አልኩህ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀንድ ያለው ነገር ያስፈራኛል። አንድ ቀን አልቤ አላውቅም። ወተቱን የሚያመጡልኝ የእማማ ዴሎ ልጆች ናቸው፤ እኔ ማርጋት ብቻ ነው የማውቀው። ከብት ተከትላ ሄደች ብለህ የጻፍከውን ሰርዝ። ሰው ይስቅብኛል።»

«ላም የሚፈራ ፉላኒ አለ እንዴ?»

«ፉላኒ ነኝ ብዬህ አውቃለሁ?»

ሴጋ አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ፈለገ። ብላው አታውቅም። የመጀመሪያው ቀን ሻጮቹ «ሲዲቤ» ብለው ሲጠሯት ሰማ፣ ቅሉን አየ፣ ሰደባት፤ መለሰችለት፤ በቃ። የእኛ ሰው ስም ከሰማ ሌላ ነገር መቼ ይጠይቃል?

«አባቴ ላንሲኔ ካንቴ ነው» አለች ኩምባ። «የዋሊያ መንደር ቀጥቃጭ። እናቴ እኔን ወልዳ ሞተች፣ እሱ ለሥራ ወደ ባሕሩ አገር ሄዶ አልተመለሰም። እማማ ዴሎ ሲዲቤ ከልጇ ጋር አጥብታ አሳደገችኝ፤ ስሟም በእኔ ላይ ቀረ። ባሌም በዘሩ ቀጥቃጭ ነበር፤ ሐዲድ ጠጋኝ የነበረው ሲናዮኮ። ባዱምቤ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። የማያውቀው ባቡሩ ብቻ ነው።»

«ካንቴ!» የሚለው ቃል ከመስኮት መስኮት እየዘለለ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ሄደ።

«ቀጥቃጭ ነሽ» አለ ሴጋ። እንደ ሞኝ ነበር ያለው። «አሥራ አንድ ዓመት! ለምን አልነገርሽኝም?»

ኩምባ መጀመሪያ መሬት መሬቱን አየች፤ ቀጥላ ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

«ብነግርህ መሳደቡን ትተወው ነበራ። በነጋታው ቆብህን ነቅነቅ አድርገህ 'ደህና አደሩ' ብለህ ታልፈኝ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግረኝ። አይዞሽ፣ አላህ ያበርታሽ፣ ሲሉኝ ነው የኖሩት። በሙሉ ድምፁ የጠራኝ አንተ ብቻ ነህ። ታዲያ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጣል?»

ሴጋ መልስ መስጠት ነበረበት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ያናገረ፣ አሥራ አንድ ዓመት መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። አፉን ከፈተ። አሁን ስድቡን የሚሸከም መሐላ የለም፤ ከፊቱ የቆመችው የሰው ቤት ልጅ፣ የተከበረች መበለት ናት። የወጣው ይህ ነበር።

«እ... እንደምን... አደሩ?»

«ይኸው!» አለች ኩምባ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ መትታ። «ይኸው! አላልኩህም?»

ባቡሩ በሳቅ ተናወጠ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሴጋም አየው፣ ቆቡን አወለቀ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች ኛካሌ ከመስኮቷ ግማሽ አካሏን አውጥታ። «ጡቱስ? የፉላኒ ጡት ጠብታለች እኮ! መምህር፣ ጡቱ አይከለክልም?»

መምህር ማካን ሁለቱንም ዓይናቸውን ገለጡ። ይህ ሲሆን ማንም አይቶ አያውቅም።

«ጡት የሚከለክለው አብሮ ከጠባው ጋር ነው። አለቃ ሴጋ ከእማማ ዴሎ ጠብቷል?»

«አልጠባሁም» አለ ሴጋ በፍጹም ቁም ነገር።

«መሐላው የተማለው በደም ነው፣ በወተት አይደለም። ደሟ የካንቴ ነው። ካንቴና ፋኔ ደግሞ ከጥንትም ይጋባል። ስንት ደቂቃ ቀረን?»

«ሦስት!» አሉ ከየመስኮቱ።

«ይበቃል» አሉና ኪሳቸውን ዳበሱ። አራት ኮላ ፍሬ አወጡ፤ አንዱን የልብሳቸው ክር ተጠምጥሞበት ስለነበር ጠረጉት። በመስኮት ወደ ኩምባ ዘረጉላት። «ከፋኔ ቤት ተልከን የመጣን ነን። ባቡር ስለሚጠብቀን አንቀመጥም፤ ይቅርታ። ልጃችን ላይ ነውር አላገኘንበትም፣ ከመጽሐፉ በቀር። ለማን እንስጥ?»

«መበለት ነኝ፣ ለራሴ የምመልሰው እኔው ነኝ» አለች ኩምባ።

ሁሉም እጇን ያይ ጀመር። ለጋብቻ የቀረበ ኮላ የተቀበለ እሺ ብሏል፤ ያልተቀበለም መልስ ለመስጠት አይገደድም። ፊሽካው ጮኸ። የሴጋ ሥራ እስከ ካዬስ ነው፤ ባቡሩን ያለ ተቆጣጣሪ መልቀቅ በእሱ ዘንድ ሰላት እንደ መዝለል ነው። ወደ ኋላ እያየ ተሳፈረ። መንኮራኩሩ ተንቀሳቀሰ። ኩምባ አሁንም አልወሰደችም፤ የመምህሩ እጅ ከባቡሩ ጋር መሄድ ጀመረ፤ እሷም አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ አብራው ሄደች፣ ድንገት አራቱንም ፍሬ ከመዳፋቸው ላይ አፈሰችና አንዱን በጥርሷ ሰነጠቀችው።

ከፉርጎው የወጣው ጩኸት የባቡሩን ፊሽካ ዋጠው። ሴጋ ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ፊቱን በእጅጌው ይጠርጋል። በዚህ መሀል የኩምባ ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ።

«አንተ ጥላሸት! ዛሬ ምላስህን ድመት በላው? ፈሪ! የከሰል ከረጢት!»

ፉርጎው ደነገጠ። ምን ይባላል? ከእንግዲህ በመካከላቸው መሐላ የለም፤ ይህ እውነተኛ ስድብ ነው።

«ምን ትደነግጣላችሁ?» አለች ኛካሌ። «ያለ መሐላ እንዲህ የምትሰድብ ሚስት ብቻ ናት።»

ያን ጊዜ የሴጋ ድምፅ ተመለሰ።

«ነገ እመጣለሁ!» ብሎ ጮኸ። «በሚመለሰው ባቡር! ትኬት ቆርጬ!»

«ባትመጣስ ማን ቸገረው!» አለች ኩምባ። ይህን ስትል ግን ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ከባቡሩ ጎን ለጎን እየሮጠች ነበር።